ከሳንቲሙ በፊት ቆርኪው፦ ስለ ፕሮባቢሊቲ የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ትችት

እስቲ ወደ ንባቡ ከመግባታችሁ በፊት አንድ የለስላሳ ቆርኪ ፈልጉ። ቤት ውስጥ ባይኖር እንኳ ሱቅ ደጃፍ አይጠፋም። አገኛችሁ? አሁን ሽቅብ ወርውሩትና መሬት ላይ እስኪረጋ ጠብቁ። ሊሆን የሚችለው ሁለት ነገር ነው። ወይ አፉን ከፍቶ በጀርባው ይተኛል፣ ወይ በአፉ ይደፋና ጀርባው ይታያል። (የሆነ ነገር ተደግፎ በጠርዙ ከቆመባችሁ አትቁጠሩት፤ ድገሙት።)

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ቆርኪው አፉን ከፍቶ የማረፉ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው?

«ሊሆን የሚችለው ሁለት ነገር ነው፣ የተጠየቅነው ስለ አንዱ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሁለተኛ» ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ብዙ ተማሪ እንዲህ ይመልሳል። ብዙ ትልቅ ሰውም እንዲሁ። ግን ለዚህ መልስ ምን ማስረጃ አላችሁ? የቆርኪ አንዱ ፊት ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላኛው ዙሪያውን ጥርስ ያለው ጎድጓዳ ነው። ሁለቱ ፊቶች አይመሳሰሉም። የማይመሳሰሉ ነገሮች እኩል ጊዜ ይመጣሉ ብሎ ማን ነገረን?

እንደ እኔ አስተያየት የነገረን ራሱ የመጀመሪያው የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያ ትምህርት ላይ የቀረበ ትችት ነው። ትችቱ በአስተማሪዎች ላይ አይደለም፤ እነሱ የተሰጣቸውን ምዕራፍ በተሰጣቸው ጊዜ ለመጨረስ የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ትችቴ ትምህርቱ በሚጀመርበት ነገር ላይ፣ ማለትም በሳንቲሙ ላይ ነው።

የብዩ ነገር

ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን ልጆች ሒሳብ ሳስጠና አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። በጥቁር ፌስታል ውስጥ አራት ብይ አስገባሁ። ሦስቱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ልጁም እያየ ነው ያስገባሁት። «ሳታይ አንድ ብይ ብታወጣ ሰማያዊ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» አልኩት።

«ግማሽ» አለ ወዲያው።

«እንዴት?»

«ጋሼ፣ ወይ ቀይ ነው የሚወጣው ወይ ሰማያዊ። ሁለት ናቸው። እርስዎ የጠየቁኝ አንዱን ነው። አንድ ለሁለት።» ይህን ብሎ ደብተሩን ገልጦ ቀመሩን አሳየኝ፦ የተፈለገው ውጤት ብዛት፣ ሲካፈል ለጠቅላላ ውጤቶች ብዛት። በቀይ እስክሪብቶ ሳጥን ተሠርቶለታል።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደነገጥኩ። ልጁ ቀመሩን አላዛባም። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ነው ቃል በቃል የፈጸመው። ሌላ ነገር ልሞክር ብዬ ጥያቄውን ቀየርኩት። «እሺ፣ የሚወጣውን ቀለም ቀድመህ ከገመትክ ማስቲካ እገዛልሃለሁ። የትኛውን ትላለህ?»

«ቀይ ነዋ!»

«ለምን?»

«ቀይ ይበዛላ።»

ልብ በሉ። ስለ ማስቲካ ሲጠየቅ በትክክል አሰበ። ስለ ፕሮባቢሊቲ ሲጠየቅ ማሰቡን ትቶ ቀመሩን አነሳ። አንድ ትምህርት ልጁ ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር እንዲረሳ ካደረገው ትምህርቱ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። የጎደለውን እንፈልግ።

ከላፕላስ ዐረፍተ ነገር የተቆረጠው ግማሽ

በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የፕሮባቢሊቲ ምዕራፍ በሳንቲም ይጀምራል። ቀጥሎ ባለ ስድስት ፊቱ ዳይስ ይመጣል። ከዚያ የ52 ካርታ ጥቅል። ሦስቱም በጣም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ ውጤቶቻቸው እኩል የመምጣት ዕድል አላቸው ብሎ ማመን አያስቸግርም። የሳንቲሙ ሁለት ፊቶች በቅርጽ ያው ናቸው። የዳይሱ ስድስት ፊቶች እኩል ካሬዎች ናቸው። ካርታዎቹ መጠናቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ተማሪው በተከታታይ ሦስት ሳምንት እኩል ያልሆነ ነገር አያይም። «እኩል ናቸው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ የለውም፤ ምክንያቱም መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ሁልጊዜ መልሱ «አዎ» የሆነን ጥያቄ ደግሞ ማንም መጠየቁን ይተዋል።

የሚገርመው፣ ቀመሩን በዚህ መልክ በደንብ የታወቀ ያደረገው ሰው ይህን አልዘነጋም። ፒየር ሲሞን ላፕላስ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። በ1814 እ.ኤ.አ. ለአጠቃላይ አንባቢ ባሳተመው የፕሮባቢሊቲ መጽሐፍ ውስጥ፣ የምንፈልጋቸውን ሁኔታዎች ብዛት ለሁሉም ሁኔታዎች ብዛት እናካፍል ከማለቱ በፊት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ ሁኔታዎቹ እኩል የሚቻሉ መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑስ? መጀመሪያ የእያንዳንዳቸውን ዕድል ለይታችሁ እወቁ ይላል፤ ይህንንም ከጉዳዩ ከባድ ክፍሎች አንዱ አድርጎ ነው የሚያየው።

ይህ ቅድመ ሁኔታ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ግን አንዲት ሐረግ ሆኖ ነው ያለው። ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ሲሄድ መንገድ ላይ ይወድቃል። በቀይ ሳጥን ውስጥ የሚቀረው ማካፈሉ ብቻ ነው።

ላፕላስ ራሱ ቅድመ ሁኔታውን በተግባር አሳይቷል። የሚወለድ ልጅ ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት። ሁለት ውጤት። በእኛ የቀይ ሳጥን ቀመር ግማሽ በግማሽ ብለን እንጨርሰዋለን። እሱ ግን መዝገብ ተመለከተ። ከ1745 እስከ 1770 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በፓሪስ 251,527 ወንዶችና 241,945 ሴቶች ተወልደዋል። አካፍሉት፤ ወንዶቹ ከመቶ 51 ያህል ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህን በሚያህል ብዛት ውስጥ ትንሿ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣች ልትሆን እንደማትችል በስሌት አሳየ። ሁለት ውጤት አለ፣ ግን እኩል አይደሉም።

ሊቁም ተሳስቷል

«እኔ እንኳ እንደዚያ ልጅ አልሳሳትም» የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ትልቅ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዣን ለ ሮን ዳላምቤር ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩ ታላላቅ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቃውንት አንዱ ነው። ከዲድሮ ጋር ሆኖ ታዋቂውን የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ያዘጋጀው እሱ ነው። በዚሁ ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ በ1754 እ.ኤ.አ. ስለ ሳንቲም ጨዋታ ጻፈ።

ጨዋታው በእኛ አባባል እንዲህ ነው። ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ የመወርወር መብት አላችሁ። ቢያንስ አንዴ ጎፈር ከመጣ አሸነፋችሁ። ሁለቱም ዘውድ ከሆነ ተሸነፋችሁ። የማሸነፍ ዕድላችሁ ስንት ነው?

ዳላምቤር እንዲህ አሰበ፦ በመጀመሪያው ውርወራ ጎፈር ከመጣ ጨዋታው አለቀ፤ ሁለተኛ መወርወር አያስፈልግም። ስለዚህ ሊሆኑ የሚችሉት ነገሮች ሦስት ናቸው።

1. ጎፈር
2. ዘውድ፣ ከዚያ ጎፈር
3. ዘውድ፣ ከዚያ ዘውድ

ከሦስቱ በሁለቱ ታሸንፋላችሁ። ስለዚህ 2/3።

ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ስህተት ነው። ሦስቱ ነገሮች እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የሚወሰነው በአንድ ውርወራ ነው፤ ስለዚህ ግማሹን ጊዜ ይመጣል። ሌሎቹ ሁለቱ የቀረውን ግማሽ ነው የሚካፈሉት፤ ለእያንዳንዳቸው ሩብ ይደርሳቸዋል። ግማሽና ሩብ ሲደመር 3/4።

ሌላም ማያ መንገድ አለ። አንድ የብር ሳንቲምና አንድ ባለ 50 ሳንቲም ያዙና አንድ ላይ ወርውሯቸው። ብሩ ጎፈር ሃምሳው ጎፈር፣ ብሩ ጎፈር ሃምሳው ዘውድ፣ ብሩ ዘውድ ሃምሳው ጎፈር፣ ብሩ ዘውድ ሃምሳው ዘውድ። አራት ናቸው፣ አራቱም እኩል ናቸው፣ በሦስቱ ታሸንፋላችሁ። አሁንም 3/4።

ማነው ትክክል ብላችሁ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ተጫወቱት። መቶ ጊዜ ብትጫወቱ በዳላምቤር ስሌት 33 ጊዜ ያህል ትሸነፋላችሁ፣ በሁለተኛው ስሌት 25 ጊዜ ያህል። ማታ ከእህት ወንድማችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የምትጨርሱት ነገር ነው።

የዳላምቤር ስህተትና የሰፈራችን ልጅ ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን ዘረዘሩ፣ ቆጠሩ፣ አካፈሉ። ሁለቱም «እኩል ናቸው ወይ?» ብለው አልጠየቁም። ስለዚህ ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጥያቄው በራሱ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣ አይደለም፤ የሚያስታውስ ሰው ይፈልጋል። የማስታወሱ ሥራ ደግሞ የትምህርቱ ነው።

«እንጃ» ግማሽ አይደለም

ሁለተኛው ትችቴ በቃላት ላይ ነው።

ፕሮባቢሊቲን በአማርኛ ስናስረዳ ብዙውን ጊዜ «ዕድል» እንላለን። እኔም እዚህ ጽሑፍ ላይ እያልኩ ነው። ግን «ዕድል» በቤታችን ሌላ ሥራ አለው። «ዕድለኛ ነው»፣ «ዕድሏ ነው»፣ «ዕድል ካለ ይሆናል» እንላለን። እዚህ ላይ ዕድል ከሰው ጋር የተወለደ ነገር ነው፤ አይቆጠርም፣ አይለካም። ልጅ ይህን ቃል ይዞ ክፍል ሲገባ ሒሳቡ ስለ ገድ የሚናገር ይመስለዋል።

አማርኛ ግን ድሃ አይደለም። አንድ ነገር ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የምንገልጽባቸው ቃላት ሞልተዋል። እስቲ ደብተራችሁ ላይ ረዘም ያለ መስመር አስምሩ። ግራ ጫፉ ላይ 0፣ ቀኝ ጫፉ ላይ 1 ጻፉ። አሁን እነዚህን አባባሎች መስመሩ ላይ አስቀምጧቸው፦ «ዘበት ነው»፣ «አይመስለኝም»፣ «ምናልባት»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «እንዴታ!»

«ዘበት ነው» 0 አጠገብ ይሄዳል። «እንዴታ!» 1 አጠገብ። «ሳይሆን አይቀርም»ን እኔ 0.8 አካባቢ አስቀምጠዋለሁ፤ ጓደኛችሁ 0.9 ላይ ቢያስቀምጠው ተከራከሩ። ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። ቁጥር የሚያስፈልገን ለዚህ ነው፦ አንዱ «ሳይዘንብ አይቀርም» ሲል ሌላው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ እንዲገባው።

አሁን አንድ ቃል ልጨምርላችሁ። «እንጃ»። የት ታስቀምጡታላችሁ?

እጃችሁ ወደ መሃሉ፣ ወደ 0.5 ከሄደ ቆም በሉ። «እንጃ» ማለት «አላውቅም» ማለት ነው። ስለ እናንተ እውቀት ነው የሚናገረው እንጂ ስለ ነገሩ አይደለም። ሳንቲም ሲወረወር ግማሽ የምንለው ስለማናውቅ አይደለም፤ ሁለቱ ፊቶች ተመሳሳይ መሆናቸውን ስለምናውቅ ነው። ስለ ቆርኪው ግን ገና ምንም አናውቅም። ስለዚህ ለቆርኪው ትክክለኛው የመጀመሪያ መልስ «እንጃ፣ ልሞክረው» ነው። «እንጃ» መስመሩ ላይ ቦታ የለውም። ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ሙከራ የሚጠብቅ ቃል ነው።

እንደ እኔ ሐሳብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መጀመር ያለበት ከዚህ መስመር ነው። ቀመር የለም፣ ሳንቲም የለም። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋ ይዘን ቁጥር እናለብሰዋለን።

ስንት ጊዜ መወርወር አለብኝ?

«እሺ፣ ቆርኪውን ልወርውረው። አሥር ጊዜ ይበቃል?»

አይበቃም። እዚህ ላይ ሦስተኛው ትችቴ ይመጣል። ሙከራ የሚያዝዙ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ሳንቲሙን 10 ጊዜ ወርውርና ውጤቱን መዝግብ» ይላሉ። ተማሪው ይወረውራል፣ 7 ጎፈር ይመጣለታል፣ ግራ ይጋባል። አንዳንዱም «መጽሐፉ 5 ነው የሚለው» ብሎ ውጤቱን ያስተካክላል። ይሄ ሳይንስን ገና ከበሩ ላይ ማበላሸት ነው።

እስቲ እናስላው። ትክክለኛ ሳንቲም 10 ጊዜ ሲወረወር 1,024 ዓይነት ቅደም ተከተሎች ሊመጡ ይችላሉ (2ን አሥር ጊዜ በራሱ አባዙት)። ከእነዚህ ውስጥ በትክክል 5 ጎፈር ያለባቸው 252 ናቸው። ከመቶ 25 እንኳ አይሞላም። ማለትም አሥር ጊዜ ከወረወሩ አራት ተማሪዎች በአማካይ ሦስቱ «የሚጠበቀውን» አምስት አያገኙም። ያላገኙት የተሳሳተ ነገር ስላደረጉ አይደለም።

ብዙ ሲወረወር ምን እንደሚሆን ያሳየን ጆን ኬሪች የሚባል የሒሳብ መምህር ነው። በደቡብ አፍሪካ ያስተምር ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ሳለ የጀርመን ጦር አገሪቱን ወረረ፣ እሱም ታስሮ ካምፕ ገባ። ጊዜ ነበረው፣ ሳንቲም ነበረው። 10,000 ጊዜ ወረወረና መዘገበ። የአንዱ ፊት ቆጠራ እንዲህ ነበር፦

በ10 ውርወራ፦ 4
በ100 ውርወራ፦ 44
በ1,000 ውርወራ፦ 502
በ10,000 ውርወራ፦ 5,067

ይህን ዝርዝር ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ድርሻው ከ40 በመቶ ተነስቶ፣ በ44 አልፎ፣ 50 አካባቢ ተረጋግቷል። ሁለተኛ፣ ከትክክለኛው ግማሽ ያለው ርቀት በቁጥር ሲታይ አልጠፋም። በ10 ውርወራ ርቀቱ 1 ነበር፣ በ10,000 ውርወራ 67 ሆነ። ሳንቲሙ ያለፈውን አስታውሶ ዕዳውን አይከፍልም። ርቀቱ 67 ቢሆንም ከ10,000 አንጻር ኢምንት ስለሆነ ነው ድርሻው ወደ ግማሽ የሚጠጋው። «አምስት ጊዜ ዘውድ መጥቷል፣ አሁን ተራው የጎፈር ነው» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን አሳዩት።

ኬሪች ሌላም ነገር አድርጓል። አንድ ፊቱ በእርሳስ የተሸፈነ የእንጨት ክብ ይዞ ያንንም ወርውሯል። ሁለት ፊት ያለው፣ ግን ሁለቱ ፊቶች የማይመሳሰሉ ነገር። የእሱ ቆርኪ ነበር ማለት ነው።

ለሳንቲሙ ጠበቃ ስንቆምለት

ትችት ሚዛናዊ መሆን አለበት። ሳንቲምና ዳይስ ትልቅ ጥቅም አላቸው። አንዴ እኩልነታቸውን ከተቀበልን ሳንወረውር ማስላት እንችላለን። ከላይ 252 ለ1,024 ያልኩት በወረቀት የተገኘ ነው፤ ማንም አልወረወረም። ቆርኪ ይህን አይሰጠንም። የቆርኪን ባሕርይ ለማወቅ ቆርኪውን መጠየቅ የግድ ነው። የሒሳብን ኃይል የሚያሳየው ሳንቲሙ ነው፤ ስለዚህ ከትምህርቱ ይውጣ አላልኩም። ሁለተኛ ይምጣ ነው ያልኩት።

በነገራችን ላይ ሳንቲሙም ቢሆን ተፈትኗል። በ2023 እ.ኤ.አ. 48 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሳንቲም 350,757 ጊዜ በእጅ ተወርውሮ ተቆጠረ። ከመወርወሩ በፊት ወደ ላይ የነበረው ፊት ተመልሶ ወደ ላይ ያረፈው 50.8 በመቶ ጊዜ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ ለጨዋታችሁ አያሳስብም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ «ግማሽ» ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ ሰዎች ተጠራጥረው፣ ወርውረው፣ ቆጥረው የሚፈትኑት ግምት ነው።

አስተማሪዎች የሚያነሱት አንድ ተገቢ ቅሬታም አለ፦ «በ40 ደቂቃ፣ በተጨናነቀ ክፍል፣ ምን ጊዜ አለን?» እኔ ግን እዚህ ላይ የተማሪ ብዛት እንደሚጠቅም አምናለሁ። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል እያንዳንዱ ቆርኪውን 20 ጊዜ ቢወረውር 1,000 ውርወራ ይሆናል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ የአንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚራራቅ ይታያል። ከዚያ በየረድፉ ይደመር፤ ቁጥሮቹ መቀራረብ ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ የክፍሉ ሁሉ ይደመር። ኬሪች ብቻውን ካምፕ ውስጥ የደከመበትን ነገር ክፍሉ ተባብሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያየዋል። ቆርኪውም በነጻ ነው። (ሁሉም አንድ ዓይነት ቆርኪ ይያዝ፤ በመክፈቻ የተጣመመውንም ለዩት። ለምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።)

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል?

ምክንያቱም «ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም» የሚለው አስተሳሰብ ክፍል ውስጥ አይቀርም። ከተማሪው ጋር ወደ ሰፈር ይወጣል።

የስፖርት ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስሙ። «ወይ አሸንፋለሁ ወይ እሸነፋለሁ፤ ሃምሳ ሃምሳ ነው» የሚል አይጠፋም። የሰፈራችን ልጅ ስህተት ነው፤ ልዩነቱ አሁን ብር ተይዞበታል። አንድ ወጣት አምስት ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት ላይ መረጠ እንበል። እያንዳንዱ ግምቱ ጥሩ ነው፤ 70 በመቶ ይሳካል ብለን እንስጠው። ጨዋታዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌላቸው፣ አምስቱም አብረው የመሳካታቸው ዕድል 0.7ን አምስት ጊዜ ማባዛት ነው፦ 0.7፣ 0.49፣ 0.343፣ 0.24፣ 0.168። ከመቶ 17 ያህል። ሃምሳ ቀርቶ ሃያም አልሞላም። «አንድ ጨዋታ ብቻ አበላሸብኝ» እያለ በየሳምንቱ የሚያዝነው ለዚህ ነው። አንዱ መበላሸቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በብዛት የሚሆነው እሱ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከራሳችን ከተማ። ዕጣ ፍትሐዊ የሚሆነው እያንዳንዱ ተመዝጋቢ እኩል ዕድል ሲኖረው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ለማውጫው በገባው ዳታ ላይ ችግር እንዳለ ስለተገለጸ ተሰርዟል። ያን ጊዜ የከተማው ሰው ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር? «እኩል ነበርን ወይ?» የሚል ነው። ከቀይ ሳጥኑ ውስጥ የወደቀው ያ ጥያቄ። የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ይህን ጥያቄ መጠየቅ ካላስተማረ ክፍልፋይ ማቃለል ብቻ ነው ያስተማረው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው

ቆርኪው እጃችሁ ላይ አለ? እንግዲያው እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ። ከ100 ውርወራ ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ የሚያርፍ ይመስላችኋል? ሳትጽፉ አትወርውሩ፤ ያልተጻፈ ግምት ውጤቱን ካየ በኋላ ይለወጣል። ከዚያ ከአንድ ዓይነት ከፍታ፣ በአንድ ዓይነት ወለል ላይ 100 ጊዜ ወርውሩ። በየ20ው ቆም ብላችሁ ድርሻውን አስሉ። ሲወዛወዝ ታዩታላችሁ፤ አትደንግጡ። ቀጥሎ ቆርኪውን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጉና እንደገና 100 ጊዜ። ቁጥሩ ተለወጠ? ለምን?

መጨረሻ ላይ የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡና ያንን ቀይ ሳጥን ፈልጉ። ቀመሩን አትሰርዙት፤ ትክክል ነው። ከጎኑ ግን በራሳችሁ እጅ ጨምሩበት፦ «እኩል ናቸው ወይ? በምን አወቅኩ?»

መምህራችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ካሏችሁ ቆርኪውን ስጧቸው።